ከረሃብ ማግሥት፦ ቺሊ ልጆቿን ከክሳት አድና ለውፍረት የሰጠችበት ታሪክ

በአገራችን ልጅ ሲወፍር ደስ ይለናል። «ድንቡሼ» እንለዋለን፤ ጉንጩን እንቆነጥጣለን፤ እናቱንም «እሰይ፣ ተመችቶታል» ብለን እናመሰግናለን። ለዚህ በቂ ምክንያት አለን። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ልጆቹን የቀበረ ሕዝብ የልጅ ገላ ሞልቶ ሲያይ ቢደሰት አይፈረድበትም። ክሳት ለእኛ የሞት መልእክተኛ ነበር፤ ውፍረት ደግሞ የመትረፍ ምልክት።

ዛሬ የማነሳው ታሪክ ይህን ደስታችንን ትንሽ ይረብሸዋል። ልጆቿን በረሃብና በተቅማጥ ስትቀብር የኖረች አንዲት አገር ክሳትን ታግላ አሸነፈች። ዓለምም አጨበጨበላት። ጭብጨባው ሳያበቃ ግን በእነዚያው ጤና ጣቢያዎች ደጃፍ ሌላ ዓይነት ልጅ ይታይ ጀመር። አገሪቱ ቺሊ ናት። ውቅያኖስ ቢለየንም፣ እሷ ከአርባ ዓመት በፊት ያለፈችበት መንገድ ለእኛ ከተሞች እንግዳ አይደለም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

📌 መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ

የልጆች ውፍረት ሲነሳ ብዙ ሰው «የፈረንጅ በሽታ» ይለዋል። ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ብንሄድ አባባሉ ከእውነት ብዙም አይርቅም ነበር። በ1975 ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ የዓለም ልጆችና ወጣቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ውፍረት የነበረባቸው 11 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። በ2016 ቁጥሩ 124 ሚሊዮን ደረሰ። ዩኒሴፍ በ2025 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ 188 ሚሊዮን ሆኗል። ከአሥር ልጆች አንዱ ማለት ነው።

የዚያ ሪፖርት ትልቁ ዜና ግን ሌላ ነበር። ከ2000 ወዲህ ከሚገባው በታች የሚመዝኑ ልጆች ድርሻ ከ13 በመቶ ገደማ ወደ 9.2 በመቶ ወረደ። በዚያው ጊዜ ከመጠን በላይ የወፈሩት ከ3 በመቶ ወደ 9.4 በመቶ ወጡ። በዓለም ላይ ከቀጫጫው ልጅ ይልቅ ከልክ በላይ የወፈረው ሲበዛ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሚዛኑ እስካሁን ያልተገለበጠባቸው ሁለት የዓለም ክፍሎች ብቻ ናቸው፦ ደቡብ እስያና ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ። አንዱ የእኛ ሰፈር ነው።

ሀብታሞቹን አገሮች ስናይ ደግሞ አሜሪካ 21 በመቶ ላይ ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ 5 በመቶ ገደማ ነበረች። ብዙ ወገኖቻችን ሠርተው የሚኖሩባት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም 21 በመቶ ደርሳለች። ቺሊ ግን ሁለቱንም አልፋ 27 በመቶ ላይ ተቀምጣለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» ስንል ጉንጩ ሞላ ያለ ሕፃን ሁሉ ማለታችን አይደለም። ሐኪሞች የልጁን ክብደት ከቁመቱ ጋር ያነጻጽሩና ውጤቱን በዕድሜውና በጾታው ከተዘጋጀው የእድገት ሰንጠረዥ ጋር ያስተያያሉ። ከዚያ መስመር እጅግ የራቀ ልጅ ገና በልጅነቱ የደም ግፊት፣ የጉበት ስብ፣ ቀድሞ የአዋቂ በሽታ ይባል የነበረው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ሊያገኘው ይችላል። ብዙዎቹም ውፍረቱን ይዘውት ያድጋሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከየት መጣ? «የዘር ነው» የሚል አይጠፋም። የዘር ድርሻ በእርግጥ አለ፤ አንዱ ልጅ በቀላሉ ይወፍራል፣ ሌላው የፈለገውን ቢበላ አይወፍርም። ነገር ግን የሰው ዘር በሃምሳ ዓመት አይለወጥም። የተለወጠው ገበታው፣ ሱቁ፣ መንገዱና የጨዋታው ሜዳ ነው። የቺሊ ታሪክ ለውጡን ደረጃ በደረጃ ስለሚያሳየን ወደዚያው እንሂድ።

📌 ሕፃናቱ የሚያልቁባት አገር

በ1930ዎቹ ቺሊ ውስጥ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ200 በላይ የሚሆኑት አንደኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በሳንቲያጎ ዳርቻ የተጨናነቁ የድሃ መንደሮች ነበሩ። ውኃው የቆሸሸ፣ ወተቱ የተበረዘ፣ እናቱ ራሷ የተራበች።

በ1939 የጤና ሚኒስትር የሆነው ወጣት ሐኪም በዚያው ዓመት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የአገሩ ሕዝብ የሚታመመው ድሃ ስለሆነ ነው፣ መድኃኒቱም ምግብ፣ ቤትና ደመወዝ ነው የሚል ይዘት ነበረው። ሐኪሙ ሳልቫዶር አዬንዴ ይባላል። ከ31 ዓመት በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነው እሱው ነው።

በ1952 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የዱቄት ወተት የሚያከፋፍል ፕሮግራም ተጀመረ። የፕሮግራሙ ብልሃት ቀላል ነበር። ወተቱ የሚሰጠው ጤና ጣቢያ ነው። እናት ወተቱን ልትወስድ ስትመጣ ልጇ ይመዘናል፣ ይከተባል፣ ይመረመራል። ወተት ፍለጋ የመጣች እናት ሳታስበው የሕክምና ክትትል ውስጥ ገባች። በ1964 ደግሞ የትምህርት ቤት ምገባን የሚመራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

በ1970 ምርጫ አዬንዴ ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን ግማሽ ሊትር ወተት ቃል ገባ። ሲመረጥም ቃሉን ተግባራዊ ማድረግ ጀመረ። በሴፕቴምበር 1973 ጄኔራል ፒኖቼ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ፤ አዬንዴም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። አዲሱ መንግሥት የአዬንዴን ሥራ አብዛኛውን አፈራረሰ። ወተቱን ግን አላቆመም። በደም የተለያዩ ሁለት መንግሥታት የተስማሙበት ጉዳይ ቢኖር ይህ ነበር።

በዚህ መካከል ፈርናንዶ መንከበርግ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነበረ። በድሃ መንደሮች የሠራና ረሃብ የሕፃንን አእምሮ እንዴት እንደሚጎዳ ያጠና ሰው ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ክፉኛ የከሱ ሕፃናት ተኝተው የሚያገግሙባቸው ከ30 በላይ ማዕከላት በመላ አገሪቱ እንዲከፈቱ አደረገ፤ የሥነ ምግብ ምርምር ተቋምም መሠረተ።

ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው። በ1960 ከስድስት ዓመት በታች ካሉ የቺሊ ልጆች 37 በመቶ ያህሉ የምግብ እጥረት ነበረባቸው። በ2000 ይህ ቁጥር ከ3 በመቶ በታች ወረደ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የሕፃናት ሞት ከ1,000 ወደ 120 ከሚጠጋ ወደ 10 ገደማ ቀነሰ። ብዙ አገሮች መቶ ዓመት የፈጀባቸውን መንገድ ቺሊ በአርባ ዓመት ተሻገረችው።

ይህን ክፍል በዝርዝር ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ስናነብ «ድሮም ባይመግቧቸው ይሻል ነበር» የሚል ድምዳሜ ላይ እንዳንደርስ ነው። እነዚያ ሰዎች የሠሩት ሥራ የሚሊዮኖችን ነፍስ አትርፏል።

📌 ሚዛኑ ሲገለበጥ ማንም አላየውም

ቺሊ አንደኛ ክፍል የሚገቡ ልጆችን ሁሉ ትመዝናለች። ልማዱ የመጣው ከረሃብ ዘመን ነው፤ የከሳውን ልጅ ለይቶ ለመመገብ። መዝገቡ ግን ያልታሰበ ነገር ይዞ ተገኘ።

በ1987 አንደኛ ክፍል ከገቡት ልጆች ከመቶ 7 ያህሉ ከመጠን በላይ የወፈሩ ነበሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ 17 ያህል ሆኑ። በ2010ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ወደ አንድ አራተኛ ተጠጉ። በ1987 አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ወልዳ የራሷን ልጅ አንደኛ ክፍል እስክታስገባ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

ምን ተፈጠረ? አንድ ወንጀለኛ ፈልገን ጣት ብንቀስር ታሪኩን እናዛባዋለን። ብዙ ነገር በአንድ ላይ ነው የመጣው።

1️⃣ ገንዘብ መጣ። በ1990 ከቺሊ ሕዝብ ከ38 በመቶ በላይ የሚሆነው ድሃ ነበር፤ በ2000 ወደ 20 በመቶ ወረደ። ከድህነት የወጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚገዛው ለልጁ ተመኝቶ ያጣውን ነው። ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ችብስ። ወላጅ ይህን የሚገዛው በፍቅር ነው፤ «እኔ ያጣሁትን ልጄ አይጣ» ብሎ።

2️⃣ ገበያው ተከፈተ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የንግድ በሩ ተበርግዶ በፋብሪካ የተዘጋጀ ምግብ ረክሶ በየሰፈሩ ደረሰ። በ2014 ቺሊ በነፍስ ወከፍ ከጣፋጭ መጠጦች በሚገኝ ካሎሪ ሽያጭ ከዓለም ቀዳሚዎቹ መካከል ነበረች።

የአንድ ጠርሙስ ጉዳይ ምን ያህል ነው ለሚል ሰው እናስላው። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 32 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከተጨማሪ ስኳር የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ ፍጆታ 10 በመቶ እንዳያልፍ ነው። በቀን 1,500 ካሎሪ ለሚበቃው ሕፃን ይህ ከ37 ግራም አይበልጥም። አንድ ጠርሙስ የቀኑን ድርሻ ሊጨርስ ምንም አልቀረው። ሻይው፣ ብስኩቱና ጁሱ ገና አልተቆጠሩም። ፈሳሽ ስኳር ደግሞ እንደ ምግብ አያጠግብም፤ ልጁ ጠጥቶት ምሳውን እንደ ወትሮው ይበላል።

3️⃣ ሰውነት መንቀሳቀስ አቆመ። ቴሌቪዥን ገባ፣ መኪና በዛ፣ መንገዱ ለልጅ አስፈሪ ሆነ። ውጭ የሚሮጥ የነበረው ልጅ ሳሎን ተቀመጠ። የተቀመጠበት ሳጥን ደግሞ በየአሥር ደቂቃው ጣፋጭ ያስተዋውቀዋል። እንቅልፉም አጠረ፤ በቂ እንቅልፍ የማያገኝ ልጅ የመብላት ፍላጎቱ እንደሚጨምር ይታወቃል።

4️⃣ ከሁሉ የሚከብደው አራተኛው ነው። ረሃብን ድል ያደረገው ሥርዓት ረሃቡ ሲያልፍ አብሮ አልተለወጠም። ለከሳ ልጅ ተብሎ የተሰላው ምግብ ላልከሳውም ይታደል ነበር። የጤና ባለሙያዋ የሠለጠነችው ኪሎ ሲጨምር ደስ እንዲላት ነው። ልጁ ከቤቱ ቁርስ በልቶ ይወጣል፤ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሌላ ቁርስ ይጠብቀዋል። ቁመቱን ከክብደቱ ጋር አስተያይቶ «ይህ ልጅ አጭር ነው እንጂ ከሲታ አይደለም» የሚል አልነበረም። አጭርና ወፍራም ልጅ በኪሎ ብቻ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል።

ይህን ጮክ ብለው የተናገሩት የራሷ የቺሊ ተመራማሪዎች ናቸው። ሪካርዶ ኡዋይና ሁሊያና ካይን በ2002 አካባቢ በጻፉት ጥናት፣ የምግብ እጥረቱ ከጠፋ በኋላም ባለበት የቀጠለ የምገባ ፕሮግራም ውፍረትን ሊያባብስ እንደሚችል አስጠነቀቁ። ሁለቱም መንከበርግ በመሠረተው ተቋም የሠሩ ናቸው። ረሃብን ለመዋጋት የተሠራው ቤት፣ ድሉ ያመጣውን ችግር የተናገረውም እሱው ነው። ይህ ለአንድ ተቋም ትልቅ ክብር ይመስለኛል።

ድሃውን ደግሞ አንርሳ። መጀመሪያ የወፈሩት የባለጠጎች ልጆች ቢሆኑም ነገሩ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ዛሬ በቺሊ የልጅነት ውፍረት የሚበዛው በድሃ ቤተሰቦች ዘንድ ነው። ሀብታሙ ፍራፍሬውን፣ የስፖርት ሜዳውንና የምግብ ባለሙያውን ይገዛል። ድሃው በኪሱ ያለው ሳንቲም የሚገዛለት ቶሎ የሚያጠግበውንና ርካሹን ነው።

📌 ሰውነት ረሃብን ያስታውሳል

ረሃብን የሚያውቅ ሕዝብ ከውፍረት የተጠበቀ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ከቺሊ ወጣ ብለን አንድ የአውሮፓ ታሪክ እንይ።

በ1944 እና በ1945 መካከል ባለው ክረምት የናዚ ጦር ወደ ምዕራብ ኔዘርላንድስ ምግብ እንዳይገባ አገደ። ራሽኑ በቀን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ በላ። ረሃቡ የጀመረበትና ያበቃበት ቀን በትክክል ስለሚታወቅ፣ በዚያ ወቅት የተረገዙት ልጆች ለሳይንስ መጠኛ ሆኑ።

በ1976 ራቬሊ፣ ስታይንና ሰሰር የተባሉ ተመራማሪዎች ለውትድርና የተመረመሩ የ300,000 ወጣት ወንዶችን መዝገብ አገላበጡ። ረሃቡ እናታቸውን በእርግዝናዋ የመጀመሪያ አጋማሽ ያገኛቸው ልጆች በ19 ዓመታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ለውፍረት የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በእርግዝናው ማብቂያና በጨቅላነታቸው የተራቡት ግን ይበልጥ ቀጭን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ሐሳቡን አጠናክረውታል። በማኅፀን ሳለ እጥረት ያየ ሰውነት «የምወጣበት ዓለም ምግብ የለበትም» ብሎ የተዘጋጀ ይመስላል፤ የሚያገኘውን ያስቀምጣል። ወጥቶ የሚያገኘው ረሃብ ከሆነ ቁጠባው ይጠቅመዋል። የሚያገኘው ለስላሳና ችብስ ከሆነ ግን ያ ቁጠባ ራሱ ያጠቃዋል።

ለእኛ የቀረበ ምስክርም አለ። በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን እዚያ ሲደርሱ የስኳር ሕመም አይታይባቸውም ነበር ማለት ይቻላል። ጤፉ በነጭ ዳቦ፣ የእግር መንገዱ በአውቶቡስ ከተተካ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው በመካከላቸው በፍጥነት ተስፋፋ። ዛሬ ከቀሪው የአገሪቱ ሕዝብ ይበልጥ ያጠቃቸዋል። ደማቸው ያው ነው። የተለወጠው ኑሯቸው ነው።

የ1977ቱ ረሃብ ልጆች ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ ወላጆች ናቸው። እነሱም ልጆቻቸውም የኔዘርላንድስን መንገድ የግድ ይከተላሉ ማለት አይደለም። «እኛ ጠንካሮች ነን፣ አይነካንም» የሚለውን ግን ለማመን ይከብዳል። ረሃብ ያለፈበት ሕዝብ ይበልጥ መጠንቀቅ ነው ያለበት።

📌 ጥቁሩ ስምንት ማዕዘን

ቺሊ ችግሩን አውቃ መፍትሔ ለማውጣት ብዙ ዓመት ወሰደባት። ሐኪምም የምክር ቤት አባልም የሆነው ሴናተር ጊዶ ጊራርዲ በ2007 አንድ የሕግ ረቂቅ ይዞ ቀረበ። የምግብ ኩባንያዎች ተነሡበት። ሕጉ የጸደቀው ከአምስት ዓመት በኋላ በ2012 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በጁን 2016። ከረቂቅ እስከ ተግባር ዘጠኝ ዓመት። ያን ጊዜ የተወለዱ ሕፃናት አራተኛ ክፍል ደርሰዋል።

ሕጉ ግን ጠንካራ ነበር። ስኳሩ፣ ጨው ወይም ጎጂ ቅባቱ ወይም ካሎሪው ከተወሰነው መጠን ያለፈ ምግብ ሁሉ በፓኮው ፊት ላይ ጥቁር ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍበት ተደረገ። ቅርጹ መንገድ ላይ ከምናውቀው የ«ቁም» ምልክት ጋር አንድ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ምልክቱ ያለበት ምግብ ትምህርት ቤት ውስጥ አይሸጥም። ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይተዋወቅም። ልጅ የሚያባብል የካርቱን ሥዕል አይደረግበትም። በታዋቂው የቁርስ እህል ፓኮ ላይ ሲስቅ የኖረው ነብር ከሱቅ መደርደሪያ ጠፋ። በውስጡ መጫወቻ የያዘው የቸኮሌት እንቁላልም ታገደ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ስኳር በበዛባቸው መጠጦች ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከ13 ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር።

ሠራ ወይ? መልሱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው «አዎ» ነው። ሕጉ በተግባር ከዋለ በኋላ ምልክት የተለጠፈባቸው መጠጦች ግዢ ወደ 24 በመቶ ቀነሰ። ልጆች የሚያዩት የእነዚህ ምግቦች ማስታወቂያ በግማሽ ያህል ወረደ። ብዙ ኩባንያዎች ምልክቱን ፈርተው ስኳሩን ራሳቸው ቀነሱ። ፔሩ፣ ሜክሲኮና ሌሎች የቺሊን ምልክት ተከተሉ።

ሁለተኛው መልስ መራራ ነው። የልጆቹ ውፍረት እስካሁን ወደ ነበረበት አልተመለሰም። በኮቪድ ዘመን ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንዲያውም አሻቀበ፤ ከሚመዘኑት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሚገባቸው በላይ መዘኑ። የወፈረን ልጅ መልሶ ማቅጠን ለቤተሰብም ለመንግሥትም እጅግ ከባድ ነው። ልማዱ ከተተከለ፣ ከተማው ለመኪና ከተሠራ፣ ምላሱ ስኳር ከለመደ በኋላ የሚወጣ ሕግ ዘግይቶ እንደደረሰ የእሳት አደጋ መኪና ነው። የቀረውን ያድናል እንጂ የተቃጠለውን አይመልስም።

📌 እኛስ?

«ልጆቻችን በረሃብ በሚቀነጭሩበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአግባቡ ሊመለስ ይገባዋል።

በ2000 በተደረገው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2019 ይህ ወደ 37 በመቶ ወርዷል። ከሚገባው በላይ የሚመዝኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዚያን ጊዜ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በሌላ አነጋገር ዋናው ጠላታችን ዛሬም እጥረት ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2015 የተገባው፣ በ2030 መቀንጨርን ለማስቀረትም የታቀደው ለዚህ ነው።

ነገር ግን 37 የሚለውን ቁጥር ልብ በሉ። ቺሊ በ1960 የቆመችበት ቁጥር ነው። መለኪያው አንድ ስላልሆነ በቀጥታ አይነጻጸርም፤ ሆኖም የሚነግረን ነገር አለ። አገሮች ከእጥረት ወደ ውፍረት የሚያልፉት በመሃል እረፍት አድርገው አይደለም። አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባል። በአንድ አገር፣ በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ የቀነጨረ ልጅና የወፈረ ልጅ አብረው ይኖራሉ።

ከተሞቻችንን ተመልከቱ። ሰኞ ማክሰኞና ሱዚ ይዘለልበት የነበረው ሜዳ ሕንፃ ሆኗል። የኮንዶሚኒየም ልጅ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ የሚሮጥበት ቦታ መኪና ቆሞበታል። አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን በሰርቪስ ልኮ በሰርቪስ ይቀበላል፤ ማታ ደግሞ እንዳይረብሽ ስልክ ይሰጠዋል። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ሱቅ የሚሸጠው ከረሜላ፣ ችብስና ባለ ቀለም ጣፋጭ ውኃ ነው። በምሳ ዕቃ ውስጥ ቆሎና ዳቦ የነበረበትን ቦታ የታሸገ ብስኩት ይዞታል። እንግዳ የሚጠይቅ ሰው ለልጆች ይዞ የሚመጣውም ጁስና ኬክ ነው።

እናም መልሴ ይህ ነው። ስለ ውፍረት መነጋገር ከረሃብ ትግሉ ላይ ምንም አይቀንስም። የቀነጨረን ልጅ በብስኩትና በለስላሳ ማጥገብ ቁመቱን አይመልስለትም፤ ውፍረቱን ብቻ ይጨምርለታል። ለቀነጨረውም ለሚወፍረውም የሚያስፈልገው ምግብ አንድ ነው፦ የእናት ጡት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ። ሁለቱን ችግሮች በአንድ ገበታ መምታት ይቻላል፤ ከቀደምን።

መቅደም ማለት ምን ማለት ነው? ከቺሊ ልምድ የምወስዳቸው አራት ነገሮች አሉ።

▪️ ልጅ ሲመዘን ቁመቱም ይለካ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «ኪሎው ጨምሯል» ብላ ብቻ እንዳትሸኘው።

▪️ የትምህርት ቤት ምገባው ይቀጥል፣ ይስፋም። ለብዙ ልጅ በቀን ውስጥ የሚያገኘው ዋናው ምግብ እሱ ነው። ነገር ግን ምን ተበላ የሚለው ምን ያህል ተበላ ከሚለው እኩል ይጠየቅ። በግቢው ውስጥና በበሩ ላይ የሚሸጠውም እንዲሁ።

▪️ ማስታወቂያው ልጆችን ማደን ያቁም፤ ፓኮውም እውነቱን ይናገር። በ2011 ዓ.ም. የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት ያስወጣች አገር ይህን አትችልም አይባልም። ለስላሳ መጠጥ ላይ ያለው ኤክሳይዝ ታክስም ከገንዘብ ማስገኛነቱ አልፎ የልጆችን ጤና እያሰበ ቢሰላ መልካም ነው።

▪️ ከተማ ሲታደስ ለልጅ ሜዳ ይተው። ለመኪና ማቆሚያ የተገኘ መሬት ለኳስ አልተገኘም ማለት አያሳምንም።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ቃል። የወፈረ ልጅ ጥፋተኛ አይደለም። ምግቡን አልገዛም፣ ሜዳውን አልሸጠም፣ ማስታወቂያውን አልሠራም። በሰው ፊት «ቦርጫም» ብሎ መጥራት አንድ ግራም እንኳ አይቀንስለትም፤ ተደብቆ እንዲበላ ብቻ ያስተምረዋል። ቤቱ ሁሉ ገበታውን ከለወጠ እሱም ይለወጣል።

የቺሊ ሐኪሞች የከሳ ሕፃን ሚዛን ላይ አስቀምጠው ኪሎ ሲጨምር ያለቀሱ ሰዎች ናቸው። ልጆቻቸው በሌላ በኩል እንደሚያመልጧቸው የሚነግራቸው አልነበረም፤ ከፊታቸው ተጉዞ ያሳያቸው ታሪክ አልነበረምና። እኛ ግን የእነሱ ታሪክ አለን። ከ30 ዓመት በኋላ «አላወቅንም ነበር» ብንል ማንም አያምነንም።

ሐሳባችሁን በአስተያየት መስጫው ላይ አካፍሉን፤ በተለይ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች በየቀኑ የምታዩትን ጻፉልን። ልጅ ላለው ወዳጃችሁም አድርሱት።